ጀርም መድኃኒት ይለምዳል?

«ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል፤ ጠንከር ያለ የላችሁም?» ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ተራ ለጠበቀ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ጠንቃቃ ፋርማሲስት ከሆነች «የሚለምደው ሰውነትዎ ሳይሆን ጀርሙ ነው» ብላ ታርማለች። እርማቷ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ። ጀርሙም ቢሆን አይለምድም።

ቃሉ ግን ይፋዊ ነው። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይባላል። ለመደ ጥንታዊ ግስ ነው፤ ልማድ፣ ልምድ፣ ለማዳ፣ ልምምድ የሚወጡት ከእሱ ነው። የዕብራይስጥ ዘመዱ ላማድ ደግሞ «ተማረ» ማለት ነው። ስለዚህ «ተላመደ» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው አንድ ባክቴሪያ ነው፤ ደጋ የከረመ የቆላ ሰው ብርዱን እንደሚችለው ሁሉ መድኃኒቱን እየቀመሰ የቻለው።

ኢስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ሐሳብ ፉርሽ አድርጎታል። ባክቴሪያ ያደገበትን ሳሕን በከፈይ ጨርቅ ጫን አድርገው፣ ጨርቁን መድኃኒት ባለበት ሌላ ሳሕን ላይ አተሙት። አብዛኛው ሞተ፤ ጥቂት ነጥቦች ላይ ያለው ብቻ በቀለ። ወደ መጀመሪያው ሳሕን ተመልሰው ከዚያው ቦታ ባክቴሪያ ሲወስዱ መድኃኒቱን የሚቋቋሙትን እዚያም አገኟቸው። ያ ሳሕን መድኃኒት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። የሚቋቋሙት ቀድሞውኑ ነበሩ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ ሜዳውን ለቀቀላቸው እንጂ ምንም አላስተማራቸውም።

በቲቢ ላይ ስሌቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በታማሚ ሳንባ ውስጥ በተቦረቦረ አንድ ቁስል በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ሕክምና ሳይጀመር ከ1 ሚሊዮኑ አንድ ገደማ አይሶናያዚድን፣ ከ100 ሚሊዮኑ አንድ ገደማ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ይሆናል። አንዱን መድኃኒት ለብቻው የሰጠ ሐኪም እነዚያን ጥቂቶች መርጦ ያራባል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ባክቴሪያ የሚጠበቀው ግን ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው፤ ያን ያህል በአንድ ቁስል አይገኝም። የተለመደው ሕክምና 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው። «መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ» ብንል ከእውነቱ ጋር የምንቀራረብ ይመስለኛል፤ የጀርሙን ጠባይ ይነግራል፣ ትምህርት ቤት አያስገባውም።

ነገሩ ግን ከመላመድም ይሰፋል። ለውጥ የምንለው ቃል የግእዙ ወለጠ ፊደሉ ተገላብጦ የመጣ ነው። ከዚያው ግስ የተገኘውን ውላጤን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሲያብራሩ የሎጥን ሚስት የጨው ሐውልት መሆን፣ የቃናውንም ውኃ የወይን ጠጅ መሆን ይጠቅሳሉ። አንዱ የነበረውን ትቶ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ ያደገ ጆሮ «ዝግመተ ለውጥ» ሲባል «ጦጣ ሰው ሆነ» ብሎ ቢረዳ አልፈርድበትም። ሥነ ሕይወት የሚለው ሌላ ነው። በሕይወት ዘመኑ ወደ ሌላ ፍጡር የሚለወጥ ማንም የለም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚለወጠው የብዙኃኑ ስብጥር ነው፤ የትኛው ዓይነት በዛ፣ የትኛው ሳሳ የሚለው።

ሚሌኒየም አዳራሽ የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ከሆነበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግመን የሰማነው «ቫይረሱ ራሱን እየቀያየረ ነው» የሚል ዜናም በዚሁ መንገድ ያሳስታል። ቫይረስ አቅዶ የሚቀይረው ራስ የለውም። ሲባዛ ግልባጩ ላይ ስሕተት ይፈጠራል፤ ሚውቴሽን የሚባለው ይኸው ነው። አብዛኛው ስሕተት አይጠቅመውም፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ያቀልለትና እሱ ሌሎቹን በቁጥር ይበልጣል።

ዝግመተ ለውጥ የሚለውን ስያሜ በአንድ ነገር እወደዋለሁ። የፈረንጆቹ ኢቮሉሽን የመጣው ከላቲን ሲሆን የተጠቀለለ ብራና መዘርጋትን ያመለክታል፤ ብራናው ላይ ያለው ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ስም አልተጠቀመም፤ ከዚያው ግስ የወጣ ቃል የሚገኘው በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር መደምደሚያ ላይ ብቻ ነው። የእኛው ስያሜ ከማዝገም የወጣ በመሆኑ ቀድሞ የተጻፈ ዕጣ አያስመስልም።

ጉድለቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ዝግመት ሲባል ሚሊዮን ዓመት ይታሰበናል፤ አንጀታችን ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይ ግን ሲመቸው በ20 ደቂቃ፣ ቀርፋፋው የቲቢ ባክቴሪያም በ20 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚውጥ ሰው ጉንፋኑን አይነካውም፤ ቫይረስ ነውና። በሆዱ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን በዚያው ሳምንት አበጥሮ መድኃኒቱ የማይበግራቸውን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ በታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ጥናትም የቲቢ ሕሙማኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሻላቸው፤ ጥናቱ ሳያልቅ ግን ከአብዛኞቹ የተወሰደው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ መድኃኒት አብሮ መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።