የገብስ አገር ልብና ኩላሊት

ከጭላሎና ከባዳ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠችው፣ በስሟም ከባሌዋ ሮቤ ጋር ዘወትር የምትምታታው የአርሲዋ ሮቤ፣ ዙሪያዋን ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ የሚበቅልባት አገር ስትሆን፣ ሕዝቧም ገብሱን ቆልቶ ቆሎ፣ ፈጭቶ በሶና ገንፎ፣ ከክቶ ቅንጬ፣ በቅቤ ለውሶ ጩኮ እያደረገ ምግበ ሥጋውን ከገዛ ማሳው ሲያገኝ የኖረ ነው። ዛሬ ግን እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞቻችን ሁሉ በሱቆቿ ውስጥ የታሸገ ብስኩት፣ የድንች ቺፕስ፣ በፈላ ውሃ ቶሎ የሚደርስ ኢንዶሚ፣ የወጥ ማጣፈጫ ኩብና የለስላሳ ጠርሙስ ተደርድሮ ይታያል። ይህን ለውጥ አይተው የሚያዝኑ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካው ላይ ሲጭኑ እሰማለሁ፤ በእኔ ግምት ግን የፋብሪካው ምግብ በዚህ ደጋ ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው፣ አስቀድሞ ጨውና ጢስ ባደከሙት ልብና ኩላሊት ላይ ተደርቦ ስለሚመጣ ነው።

ወፍጮም፣ ምጣድም፣ ጋንም ምግብን የሚለውጡ ስለ ሆኑ፣ የተለወጠ ሁሉ ጎጂ ነው የሚል ሰው እንጀራንና እርጎን መኰነኑ አይቀርም። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የሆኑት ካርሎስ ሞንቴይሮ ኖቫ በተባለው አመዳደብ ምግቦችን በአራት መዓርግ ሲከፍሉ፣ በመጨረሻው መዓርግ ያስቀመጡት ተራውን ዳቦ ወይም አይብ ሳይሆን፣ ከእህል ተነጥሎ የወጣ ስታርች፣ ስኳርና ዘይት ከቀለም፣ ከሽታ ማጣፈጫና ከማቆያ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራውን፣ በማናቸውም ማጀት ሊሰናዳ የማይችለውን፣ እጅግ የተቀነባበረ የሚባለውን ምግብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመራማሪው ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው 20 ሰዎችን በአንድ የምርምር ሆስፒታል አስቀምጠው፣ ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ሲፈቅዱላቸው፣ ምንም እንኳ የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ቢሆንም፣ በተቀነባበረው ጊዜ በየቀኑ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በልተው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ጨመሩ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ከ105 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገው ክትትል፣ የዚህ ምግብ ድርሻ በ10 ከመቶ በጨመረ ቁጥር የልብና የደም ሥር ደዌ በ12 ከመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጠ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 14,679 ሰዎችን ለ24 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ አብዝተው በሚመገቡት ዘንድ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በ24 ከመቶ በልጦ አገኘ። እነዚህ ሁለቱ ክትትል እንጂ እንደ ሆል ጥናት ያለ ሙከራ ስላልሆኑ፣ ሌላ ምክንያት ተሸሽጎባቸው ሊሆን ይችላልና፣ ቃላቸው በዚያው ልክ ይያዝ።

መጽሐፍ ልብንና ኩላሊትን የሰው ውሳጣዊ አሳብ የሚመረመርባቸው አድርጎ አጣምሮ እንደሚጠራቸው ካህናቱ ያውቃሉ፤ የዘመኑ ሕክምናም በራሱ መንገድ መጥቶ ሁለቱን ለየብቻ ሊያያቸው አልቻለም። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቃን ወንፊቶች ሲኖሩት፣ ሁለቱ ተባብረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጥልለው፣ አንድ ሊትር ተኩል ገደማውን በሽንት አስወጥተው፣ የቀረውን ወደ ደም ይመልሳሉ። ይህ ማጥለል የሚፈጸመው ልብ በሚሰጠው ግፊት ነውና፣ ጨው ሲበዛ ውሃን ይዞ በደም ውስጥ ስለሚቀር ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ሲዘልቅ ወንፊቶቹ ጠባሳ ይዘው ይደፈናሉ፤ የተረፉት የሞቱትን ሥራ ደርበው ሲሠሩ በተራቸው ያልቃሉ፤ የደከመው ኩላሊትም ጨውን ማስወጣት ሲሳነው ግፊቱ እንደ ገና ከፍ ይላል፤ ልብም ያንን ተቋቁሞ ደም ለመርጨት ሲታገል ግድግዳው ወፍሮና ደንድኖ በመጨረሻ ይዝላል። ከጨው ሌላ ፎስፌት የተባለው የፎስፎረስ ውሁድም አለ፤ በባቄላና በገብስ ያለው ፎስፎረስ ከእህሉ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ አንጀት ከፊሉን ብቻ ሲቀበል፣ በኮላና በታሸገ ሥጋ የሚጨመረው ግን አብዛኛው ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ዘንድም ተከማችቶ፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ካልሲየም እንዲጋገር ያግዛል።

ጨውን ግን በፋብሪካ ብቻ የምንፈልገው አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት የአንድ አዋቂ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ሲገኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ በአገራችን ይህ ጨው በአብዛኛው የሚገባው በማጀት በእጅ ተቆንጥሮ ነው። በዚያ ላይ ግማሽ ያህሉ ጨው የሆነው ኩብ ሲጨመር፣ የባልትና ልማድ ሳይለወጥ ጨው ብቻ ይደረባል። ደጋው ብርዳም ስለ ሆነም እሳት ከቤት አይጠፋም፤ ከማገዶና ከኩበት የሚወጣው ጢስ የያዘው ረቂቅ ብናኝ በሳንባ በኩል ዘልቆ የደም ሥሮችን ያስቆጣል፤ ይህንንም አብዝተው የሚተነፍሱት እናቶችና በእቅፋቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ በወንጂ አካባቢ ውሃ ለሚጠጣው ደግሞ ፍሎራይድ አለበት፤ ጥርስን ማበለዙና አጥንትን ማጉበጡ ከታወቀ ቆይቷል፤ ከሰውነት የሚያስወጣውም ኩላሊት ስለ ሆነ፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ከሌላው ይልቅ ያጠራቅመዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የገብሱ ነገር ነው። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ ፋይበር አለ፤ ይህም በአንጀት ውስጥ ወፍሮ የሐሞትን አሲድ ይዞ ሲወጣ፣ ጉበት የወጣውን ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ ለዚህም በቀን 3 ግራም ያህል ይበቃል። ገብስ ግን ብቅል በሚሆንበት ጊዜ ይኸው ፋይበር ይፈርሳል፤ ጠማቂዎች ቢራው ሲጣራ ስለሚደፍንባቸው አጥብቀው የሚሸሹት ነውና፣ ለልብ የሚበጀው በጠማቂ ዘንድ እንደ ነቀፋ ይቆጠራል። በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለአርሲ ገበሬ ገበያ መክፈቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ገብሱን ሸጦ በዋጋው ለልጁ ብስኩት ይዞ የሚመለስ አባት ያገኘውና ያጣው በአንድ መዝገብ አይጻፍም። በ1960ዎቹ መባቻ በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተመሠረተው ካዱ፣ ቀጥሎም አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ የሰፋው የልማት ድርጅት፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ስንዴን አስፋፍቶ ብዙ ሰው ከረኀብ አድኗል፤ ነገር ግን ስንዴው ነጭ ዱቄት ለመሆን ሲፈጭ ፉርሽካውንና ፋይበሩን ይተዋል። ዘይቱም እንደዚሁ ነው፤ ተልባ በሚበቅልበት አገር፣ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ የሆነው የውጭ የፓልም ዘይት በጀሪካን ይሸጣል።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጥ ላይ ኤክሳይስ ታክስ መጣሉ ደግ ነው፤ ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮላ 32 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ ብዙ ሊባልለት ይቻላል። ታክሱ ግን የማጀቱን ጨውና የምድጃውን ጢስ አይነካም። ኩላሊት ደግሞ ከኃይሉ ግማሽ በላይ እስኪያልቅ ድረስ ሳያሳምም ስለሚኖር፣ ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ወንፊቶቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በሳምንት ሦስት ጊዜ አራት አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ እጥበት፣ አለዚያም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከሕያው ዘመድ ኩላሊት ተቀብሎ የሚደረገው ንቅለ ተከላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕመሙን የሚያስታውቁት ሁለት ነገሮች በክንድ ላይ የሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ፣ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ደጋግሞ የሚያሳይ እንደ ሆነ፣ እና በሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን እንዳለ የሚያሳየው ቀላል ምርመራ ናቸው፤ ለሁለቱም ከጤና ጣቢያ አልፎ መሄድ አያሻም።