አፑ ተዛወረ፣ ቁልፉስ?

ወደ እኔ የሚመጡት አፖች አብዛኞቹ ውጭ አገር ባለ ዘመድ አካውንት የወጡ ናቸው። የጎግል ፕሌይ መመዝገቢያ አንዴ ብቻ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ዶላር በካርድ መክፈል ግን ራስ ምታት ስለሆነ "ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ያውጣልን" ይባላል። ሥራው ሲሰፋ ባለቤቱ አፑን ወደ ራሱ አካውንት ማዞር ይፈልጋል።

ማዛወሩ ቀላል ነው። ላኪው ይጠይቃል፣ ተቀባዩ ይስማማል፤ ተጠቃሚው፣ ኮከቡ፣ አስተያየቱ አብሮ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው አፕዴት ሲደረግ ነው። የአንድሮይድ አፕ በሚስጥር ቁልፍ ይፈረማል፤ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ስልኩ የሚያየው የአካውንቱን ስም ሳይሆን ፊርማውን ነው። ከተለየ አይጭነውም።

የእቁብ መዝገብ አፕ ያላቸው አንድ የመርካቶ ነጋዴ ይህን ስነግራቸው፣ "ታዲያ እንደ አዲስ አውጥተን ሰዉ የድሮውን ያጥፋው!" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መዝገቡ እኮ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። የድሮው ሲጠፋ ማን እንደከፈለ፣ እጣው ለማን እንደወጣ አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ደግሞ የድሮውን ማንበብ አይችልም።"

ቁልፉ ያለው አፑን ካወጣላቸው ዘመድ ጋ ስለሆነ ወዲያው ቨርጂኒያ ደወሉ። የቁልፉ ፋይል ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ተገኝቶ በቴሌግራም መጣ፤ ፓስወርዱም እዚያው ከሥሩ ተጽፎ! (ተቆጥቻለሁ።)

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ለወጡ አዳዲስ አፖች ዋናውን ቁልፍ የሚይዘው ጎግል ራሱ ስለሆነ ሥጋቱ ቀሏል። በገንቢው እጅ ያለው፣ አፕዴት ወደ ፕሌይ የሚጫንበት ቁልፍ ቢጠፋ እንኳ የአካውንቱ ባለቤት አመልክቶ ያስቀይራል። የሚያስፈራው በጎግል እጅ ያልገባው የድሮው ነው።

አይፎን ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከዝውውሩ በኋላ የመጀመሪያው አፕዴት ሲጫን፣ በድሮው አካውንት ስም የተቀመጠው የመግቢያ መረጃ ስለማይነበብ ተጠቃሚው እንደገና ይግባ ይባላል። በአፕል መለያ የሚገባ ተጠቃሚ ካለ መለያ ቁጥሩም ስለሚቀየር፣ የድሮውን ከአዲሱ ለማገናኘት ያለው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። የማሳወቂያ መልእክት መላኪያ ቁልፉም እንደ አዲስ ይወጣል።

እኔ የመጀመሪያውን አፕዴት ባዶ ነው የምለቀው፤ ከቨርዥን ቁጥሩ በቀር ምንም አልነካም። ለጥቂት ተጠቃሚ ብቻ ከፍቼ፣ መዝገባቸው እንዳለ መሆኑን ሳይ ነው ለሁሉም የምለቀው። የነጋዴው አዲስ ቀለምና አርማ እስከዚያ ይቆያል፣ ቢያኮርፉም።