ለሩቅ አለማየት የሚሰጠው ጠብታና በዕይታ ላይ የሚያመጣው ጣጣ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ እጩ መምህር ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር አንድ ልጅ ግራ አጋባው። ልጁ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ፊቱን በክንዱ ይጋርዳል፤ ደብተሩን ሊያነብ ሲል መነጽሩን ያወልቃል፤ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀና ሲል ደግሞ መልሶ ያጠልቃል። ጓደኛችንም «መነጽርህን አታውልቅ፤ ክንድህንም አውርድ!» እያለ ሁለት ጊዜ ተቆጣው። ልጁ እሺ ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳያነብ ዋለ። በማግሥቱ እናቱ መጥተው «መምህር፣ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሳለ ሐኪም ያዘዘለት ጠብታ አለ፤ እሱን ካደረግንለት ወዲህ ነው እኮ ብርሃን የጠላው» ብለው አስረዱት።

ጓደኛችን ሲመለስ የጠየቀን ይህንን ነበር፦ ለዓይን ይበጃል የተባለ ጠብታ እንዴት ዕይታን ያውካል? ነገሩ ነገ ሁላችንንም ክፍል ውስጥ ሊያጋጥመን የሚችል ስለሆነ በዚህ እትም ልናብራራው ፈለግን።

ሩቅ አለማየት፣ ሐኪሞች ማዮፒያ የሚሉት፣ ባብዛኛው የሚመጣው የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከመጠን በላይ በመርዘሙ ነው። ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰብና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። ኳሱ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲረዝም የሚያስፈልገው መነጽር ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር ያህል ይጨምራል። በጣም የረዘመ ዓይን ደግሞ ውሎ አድሮ ሬቲናው የመላቀቅ አደጋ ያሰጋዋል። መነጽር ብዥታውን ያጠራል እንጂ እርዝማኔውን አያቆምም፤ ጠብታው የታሰበው ለዚህ ነው። በእኛ አካባቢ ችግሩ የለም እንዳይባል፣ እ.አ.አ. በ2012 የታተመ የጎንደር ከተማ ጥናት 1,852 ተማሪዎች ተመርምረው 174ቱ መነጽር የሚሻ የዕይታ ጉድለት እንደተገኘባቸው፣ ከእነዚህም 55ቱ ሩቅ የማያዩ እንደነበሩ ያስረዳል።

ለመሆኑ ጠብታው ከምን የተሠራ ነው? ስሙ አትሮፒን ይባላል። ቅመሙን የማናውቀው መስሎን ይሆናል እንጂ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር፣ አንዳንዱ አጠፋሪስ የሚለው፣ ነጭ መለከት መሳይ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል በውስጡ ይህንኑ ቅመም ይዟል። ስሙ እንደሚለው የበላውን ሰው ያስለፈልፋል፤ ሊገድልም ይችላል። በአውሮፓም የዚሁ ቅመም ባለቤት የሆነ ሌላ ተክል «ቆንጆ እመቤት» የሚል የጣሊያንኛ ስም ወጥቶለታል። ሴቶች ዓይናቸው ጎላ እንዲል ጭማቂውን ያንጠባጥቡ ነበር አሉ። ለቁንጅና ሲሉ ደብዛዛ እያዩ መዋል!

አትሮፒን ዓይን ውስጥ ሁለት ጡንቻዎችን ያላላል። አንደኛው ብሌንን የሚያጠብበው ነው። ሁለተኛው ሌንሱን አጎብጦ ቅርብ እንድናይ የሚያደርገው ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ነው። የዓይኑን ርዝመት የሚያዘገየው ግን ጡንቻውን በማላላቱ አይመስልም፤ የጫጩት ዓይን ጡንቻ ለአትሮፒን አይታዘዝም፣ ዕድገቱ ግን ይዘገያል። በየት በኩል እንደሚሠራ ተመራማሪዎቹም ገና ይከራከራሉ።

ከብርሃኑ እንጀምር። በጠራራ ፀሐይ የሰው ብሌን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። ብርቱ የሆነው ጠብታ፣ ማለትም 1 በመቶው፣ ወደ 6 ቢያሰፋው ስፋቱ በእጥፍ፣ የሚገባው ብርሃን ግን በአራት እጥፍ ያድጋል። የሂሳብ መምህራን ምክንያቱን አይስቱትም። ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያለቅሳል፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ያንጸባርቅበታል፣ ማታ በአምፖል ዙሪያ ቀለበት ያያል። ሰሌዳው ሲያብለጨልጭ ጽሑፉ ይጠፋበታል። ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር፣ ቆላ ላይ የተቻለው ብርሃን ጉና ሥር ላይቻል ይችላል።

ሁለተኛውን ጣጣ ግን መምህራን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ቅርብ የሚያሳየው ጡንቻ ሲላላ ልጁ መነጽሩን እንዳደረገ መጽሐፍ ማንበብ ያቅተዋል፤ ፊደሉ ይጨፈለቅበታል፣ ከወትሮው ያነሰ የሚመስለውም አለ። ታዲያ መነጽሩ የ3 ዳዮፕተር ከሆነ ሲያወልቀው ያለ ምንም ጡንቻ እርዳታ በ33 ሳንቲ ሜትር ላይ ጥርት አድርጎ ያያል፤ 1 ሜትርን ለ3 ማካፈል ነው። ያ ደግሞ የደብተር ርቀት ነው። የእኛ ልጅ መነጽሩን ሲያወልቅ የነበረው በጨዋታ አልነበረም፤ መፍትሔውን ራሱ አግኝቶታል። መነጽሩ የ1 ዳዮፕተር ብቻ የሆነ ልጅ ግን ቢያወልቀውም የሚጠራለት 1 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ የማንበቢያ መነጽር ካልተጨመረለት ክፍል ውስጥ በከንቱ ይውላል። የ1 በመቶው ኃይል በአንድ ጠብታ እስከ አንድና ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

እ.አ.አ. በ2006 በታተመው የሲንጋፖር ጥናት ይህ ብርቱ ጠብታ የዓይንን መበላሸት በእጅጉ አዘገየ፤ ነገር ግን ልጆቹ ሲያቋርጡት ሕመሙ ገፍቶ ተመለሰ። ስለዚህ ወደ ቀጠነው ተዞረ። በሆንግ ኮንግ 438 ልጆች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ጥናት 0.05፣ 0.025 እና 0.01 በመቶን አነጻጽሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የማዮፒያውን ግፊት በቅደም ተከተል 67፣ 43 እና 27 በመቶ ያህል እንደቀነሱት አገኘ። በአሜሪካ በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ግን 0.01 በመቶው ከተራ ጠብታ አልተሻለም አለ። እንግዲህ ቀጭኑ ይሻላል ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ጣጣውን ስናቀጥን ጥቅሙም አብሮ ይቀጥናል። በቀጭኑም ቢሆን ብሌን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ግድም ይሰፋል፤ ከ3 ወደ 4 ማለት ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ልጁን ከብርሃን ሸሽጎ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል የሚል ቢኖር፣ ይህ ጉዳት አለው። በቻይና ጓንግጆ ከተማ ተማሪዎች በየቀኑ 40 ደቂቃ በውጭ የሚካሄድ ክፍለ ጊዜ ተጨምሮላቸው ከ3 ዓመት በኋላ በማዮፒያ የተያዙት 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው ግን 39.5 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ባርኔጣ ይድፋ፣ ጥላ ሥር ይጫወት፣ ግን ይውጣ። ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ራቅ አድርጎ፣ ሰሌዳው ከማያብለጨልጭበት ጎን ማስቀመጥ ነው።

ጠብታ የሚያደርግ ልጅ አፉ ቢደርቅ፣ ፊቱ ቢቀላ፣ ቢያተኩሰው ወይም ልቡ ቶሎ ቶሎ ቢመታ መድኃኒቱ ወደ ደሙ ገብቷልና ወላጆቹ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጠብታውን እንዳደረጉ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ቢጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። ዓይን ቀልቶ ብርቱ ሕመም፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ግን ለነገ አይባልም። የ1 በመቶውን ጠርሙስ ቤት ውስጥ በውኃ አቅጥኖ ማድረግም በጭራሽ አይሆንም፤ ልኩ አይታወቅም፣ ንጽሕናውም አይጠበቅም።

ጠብታ ሳያደርግ አንድ ብሌኑ ብቻ ጎልቶ የሚመጣ ልጅም ይኖራል። አስተናግር ቀጥፎ በዚያው እጁ ዓይኑን አሽቶ እንደሆነ ጠይቁት። እጁን በሳሙና፣ ዓይኑን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። ወድቆ ወይም ተመትቶ ጭንቅላቱን ከተጎዳ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና ጥያቄ ሳታበዙ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።