ሩት 66፦ በከተሞች መሃል ያለፈው ጎዳና

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 ለአውራ ጎዳናዎቿ ቁጥር ስትሰጥ፣ ከቺካጎ ተነስቶ ስምንት ግዛቶችን አቋርጦ ካሊፎርኒያ የሚዘልቀው መስመር 66 ተባለ። ርዝመቱ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙው ክፍሉ እንደ አዲስ የተጠረገ አልነበረም፤ ቀድሞ የነበሩት የየከተማው መንገዶች ተቀጣጥለው ነው የተሠራው። ስለዚህም መኪናው ሁሉ በገበያው መሃል፣ በፀጉር ቤቱና በምግብ ቤቱ ደጃፍ ያልፍ ነበር። የጎዳናው ፍቅርም ውድቀቱም ከዚህ ይመነጫል።

በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከእርሻቸው ያፈናቀላቸው የኦክላሆማ ገበሬዎች ፍራሻቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው በዚሁ መስመር ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው ልቦለድ መንገዱን እናት ብሎ ጠራው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የሽርሽር ቤተሰቦች መጡ፤ ሞቴሎችና ባለ ኒዮን ማስታወቂያዎች ግራና ቀኙን ሞሉት።

እናትነቱ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጥቁር መንገደኛ አልጋ ይከለከል ነበር፤ ከጨለመ በኋላ ጥቁር እንዳይታይባቸው የሚሉ ከተሞችም ነበሩ። የኒው ዮርኩ የፖስታ ሠራተኛ ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁሮችን የሚያስተናግዱ ቤቶችን የሚዘረዝር መመሪያ ያሳተመው ለዚህ ነው። በኦክላሆማ፣ ሉተር አጠገብ፣ የጥቁሮቹ የትሬት ቤተሰብ ከገዛ መሬቱ በተፈለጠ ድንጋይ የገነባው ነዳጅ ማደያ ለእነዚህ ተጓዦች ትልቅ እፎይታ ነበር።

በ1956 የወጣው የፈጣን መንገዶች ሕግ ከተሞቹን ወደ ጎን ተዋቸው። አሪዞና ውስጥ ያለችው ሴሊግማን በመስከረም 1978 አዲሱ ፈጣን መንገድ አይ-40 ሲከፈት በአንድ ቀን ጭር አለች። በ1985 ቁጥር 66 ከብሔራዊ መዝገብ ተሰረዘ። የሴሊግማኑ ፀጉር አስተካካይ ኤንጀል ዴልጋዲዮ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ1987 ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ማኅበር መሠረተ። ግዛቲቱም መንገዱን ታሪካዊ ብላ ሰየመች፤ ጎብኚዎች ተመለሱ።

ቱሪስቱ የሚያነሳው ፎቶ ዛሬም በኒዮኑ ላይ ያተኩራል። የትሬት ማደያ ግን በ2021 ለአደጋ ከተጋለጡ የአሜሪካ ቅርሶች ተርታ ገብቷል። በአይ-40 ጭነት የምታመላልሱ ወገኖቻችን፣ ኦክላሆማ ሲቲ ስትደርሱ ጊዜ ካላችሁ ወደ ሉተር ጎራ በሉና እዩት፤ ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።