አንድ ኬላ፣ ሁለት በር

ፋየርዎል በአንድ ተቋም የውስጥ ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ የሚያልፈውንና የሚመለሰውን የሚለይ ኬላ ነው። ይህ ኬላ እጅግ የሚቸገረው ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲደርሱት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሑፎቹን ማንም ሰው ስሙን ሳይናገር እንዲወስድ ይፈቅዳል እንበል፤ በመስክ ወይም በቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ባልደረቦቹ ግን ማንነታቸው ሳይረጋገጥ ወደ ውስጥ ማለፍ የለባቸውም።

በቀድሞው የፋይል ማስተላለፊያ ሥርዓት፣ በኤፍቲፒ፣ ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ በአንድ በር ይስተናገዱ ነበር። ሕዝቡ «አኖኒመስ»፣ ማለትም ስም የለሽ፣ እየተባለ ሲገባ ሠራተኛው በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል። ነገር ግን ኤፍቲፒ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚልከው መስመሩን የጠለፈ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

በመሆኑም ቀዳሚው ሥራ በሮቹን መለየት ነው። የሕዝቡ ፋይሎች የሚገኙበት ሰርቨር ከውስጡ ኔትወርክ ተነጥሎ ለብቻው በታጠረ ክልል ይቀመጣል። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ፣ በእኛ እምነት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ደንብ አለ፤ ይኸውም ይህ ሰርቨር ወደ ውስጥ ግንኙነት መጀመር እንዳይችል መከልከሉ ነው። አዲስ ፋይል ከውስጥ ይላክለታል እንጂ እርሱ ገብቶ አያመጣም። ሰርጎ ገብ ቢይዘው እንኳ የሚያገኘው ቀድሞውንም ለሁሉ የተፈቀደውን ነው፤ የተበላሸውም ከውስጥ ባለው ቅጂ ይተካል።

ሠራተኞች በሌላው በር፣ በተመሰጠረው ቪፒኤን፣ ይገባሉ። በዚህ በር ግን የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለውን የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ኩባንያ ያጠቁት ሰዎች የገቡት አገልግሎት ላይ ባልነበረ የቪፒኤን መለያ ነው፤ መለያው ከይለፍ ቃል ሌላ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። መስመሩ ለቀናት ተዘጋ፤ ኩባንያውም ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቤዛ ከፈለ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ በስልክ ላይ የሚታይ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከወዴት ይመጣል? በምዝገባ ጊዜ ስልኩና ሰርቨሩ አንድ ምስጢር ይጋራሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ሰዓታቸውን ተመልክተው፣ ምስጢሩንና ጊዜውን ወደ ኋላ ሊፈታ በማይችል የሒሳብ ቀመር አዋሕደው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። ስልኩ ሲም ካርድ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሰዓቱ ከተዛባ ግን ሐቀኛው ባለቤት ራሱ ከደጅ ይቀራል።

አጭበርባሪ በሐሰተኛ ገጽ ቁጥሩን ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ የኔትወርኩ አስተዳዳሪዎች ከትክክለኛው አድራሻ በስተቀር መልስ የማይሰጥ የደኅንነት ቁልፍ ሊይዙ ይገባል። ሥራ የለቀቀ ባልደረባ መለያም በለቀቀበት ዕለት ይዘጋ።