በላዔ ፕሮስታግላንዲን

አቃቂ ካለ ፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ የገዛች ሴት፣ ሳታውቀው አንቲቦዲ ይዛ ቤቷ ትገባለች። ሽንት በነካው ወረቀት ላይ ብቅ የምትለው መስመር የአንቲቦዲ ሥራ ናት፤ የእርግዝናውን ሆርሞን ከሽንቱ ለቅሞ ይይዛል፣ ቀለሙም እዚያው ይጠራቀማል። ተመራማሪዎች 15-ፒጂዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚያድኑትም በዚሁ ብልሃት ነው።

የኢንዛይሙ ሥራ ፕሮስታግላንዲንን ማፍረስ ነው። ፕሮስታግላንዲን ማህፀን ያኮማትራል፣ ትኩሳት ያስነሳል፣ ጨጓራን ይጠብቃል። አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሰው የፕሮስታግላንዲንን ምርት አግዶ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል። የተመረተውን የሚበላው ግን ይህ ኢንዛይም ነው፤ ሳንባና የእንግዴ ልጅ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በላዔ ፕሮስታግላንዲን ብንለው አይከፋም።

ነገሩ ማዋለጃ ክፍልም ይገባል። እናት ከወለደች በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈሳት የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል ሰው ሠራሽ የፕሮስታግላንዲን ዘመድ ነው። በላተኛው የሚነክሰው 15ኛው ካርቦን ላይ የተንጠለጠለውን ሃይድሮክሲል ነው። የመድኃኒቱ ቀማሚዎች ያንን ወደ 16ኛው አዛወሩት፤ በላተኛው መጥቶ የሚነክሰው ያጣል። ክኒኑ እንደ ኦክሲቶሲን መርፌ ፍሪጅ ስለማይፈልግ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ገጠር ድረስ ይዘልቃል።

ይህን በላተኛ ለማደን ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ ከጥንቸል ይገኛል። የኢንዛይሙ ቁራጭ ሲወጋት ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርታል። ምርመራው እንዲህ ነው፤ ናሙናው ይፈጫል፣ ፕሮቲኖቹ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ፤ ትንንሾቹ ይሮጣሉ፣ ትልልቆቹ ይንቀረፈፋሉ። ከዚያ ስስ ወረቀት ላይ ይገለበጡና አንቲቦዲው ይፈስባቸዋል። የኢንዛይሙ ክብደት በሆነው 29 ኪሎዳልተን ገደማ ላይ አንድ ሰረዝ ከወጣ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ከወጣ ግን አንቲቦዲው ያገኘውን ሁሉ እያፈሰ ነው። አንዱም ሰረዝ ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ የኢንዛይሙ ጂን በጠፋበት ሕዋስ ላይ ሲሞከር አብሮ መጥፋት አለበት። ይህን ሳይፈትሹ ከካታሎግ አዝዘው የሚሠሩ ሞልተዋል፤ ኋላ ውጤቱ አልደገም ሲል ነው የሚደናገጡት።

ጥንቃቄው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ይህን ኢንዛይም እንደሚያጡ አሳዩ። በ2015 ደግሞ ኢንዛይሙ የታገደባቸው አይጦች ጉበታቸውና መቅኒያቸው ቶሎ አገገመ። ሲጠፋ ካንሰር፣ ሲታገድ ፈውስ! ስለዚህ የትኛው አካል ውስጥ ምን ያህል አለ የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል፤ የአንድ ሰው ጤነኛ አንጀትና እጢ ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ በአንዱ በኩል ጠቆር ያለ ሰረዝ፣ በሌላው ባዶ።