አንድ ትሪ ለሁሉም፦ ከአበባ ጎመን የሚሠራ ቀለል ያለ ነጭ የፓስታ ሱጎ



በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ስለ በሽታ ስም ዝርዝር ከማውራት ይልቅ ወደ ማእድ ቤት ጎራ ብለን ስለ አንድ ድስት እንነጋገራለን።

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር እናንሳ። አባወራው ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ኮሌስትሮሉም ጨምሯል ይባላል፤ «ጨውና ቅባት ይቀንሱ» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሁለት ድስት ይጣዳል። የአባት ድስት ጨውም፣ ቅባትም፣ ጣእምም የለው። የልጆቹ ደግሞ ቅቤና ክሬም የበዛበት ፓስታ ነው። አባት ለብቻው ሳህኑን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ታግሦ በሦስተኛው «ዛሬን ብቻ» ይልና ከልጆቹ ትሪ እጁን ይሰዳል። እናት ከሥራ ገብታ በየምሽቱ ሁለት ጊዜ ታበስላለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ያዘዘው ይቀራል፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ መሰብሰቡም ይቀራል።

ለዚህ የሚሻለው መፍትሔ ሁለተኛውን ድስት ማውረድ ነው። ታማሚውም፣ ልጆቹም፣ አብሳይዋም በደስታ የሚበሉት አንድ ምግብ መሥራት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ልጆች የሚወዱትን ነጭ ሱጎ ያለውን ፓስታ እንውሰድ።

ፓስታ እንዴት ከቤታችን ገባ?

ፓስታ በአገራችን በስፋት የታወቀው ከጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ ነው። ዛሬ ግን የእንግዳ ምግብ መሆኑ ቀርቶ በብዙ ቤት የሚቀርብ የሥራ ቀን ምግብ ሆኗል። ምክንያቱም ቶሎ ይደርሳል፣ ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ ሕፃናትም አይገፉትም።

ቀዩ የቲማቲም ሱጎ ዘይቱ ካልበዛ ብዙ አያስከፋም። ነጩ ሱጎ ግን በክሬም (ፓና) ወይም በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት በሚሠራው ቤሻሜል የሚዘጋጅ ስለሆነ ቅባቱ ከፍ ያለ ነው። እስቲ ለአምስት ሰው እንቁጠረው። 35 ከመቶ ስብ ያለው 400 ሚሊ ሊትር ክሬምና 50 ግራም ቅቤ ቢገባበት በጠቅላላው ወደ 180 ግራም ስብ ይሆናል። ለአንድ ሰው 36 ግራም ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ከአንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚገኝ፣ ፓስታው ሳይቆጠር ከሱጎው ብቻ ከ320 ካሎሪ በላይ እንበላለን። አብዛኛው ስብ ደግሞ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው።

ከታች የምንገልጸው የአትክልት ሱጎ ለአምስት ሰው ወደ 40 ግራም ስብ ብቻ አለው። ለአንድ ሰው 8 ግራም ያህል ይደርሳል። ካሎሪውም ለአንድ ሰው ወደ 160 ይወርዳል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከ150 ግራም በላይ አትክልት ሳያውቀው በልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ይህ እራት ከዚያ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ይሸፍናል።

አትክልት ክሬምን እንዴት ይተካል?

ክሬም ምላስ ላይ የሚለሰልሰው በውስጡ ያሉት በጣም ትናንሽ የስብ ጠብታዎች ፈሳሹን ስለሚያወፍሩት ነው። አበባ ጎመንም በደንብ ከበሰለና በደንብ ከተፈጨ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሲበስል አሰሩ ይላላል፤ ሲፈጭ ደግሞ ውሃ የያዘ ልስልስ ያለ ነጭ ሊጥ ይሆናል። አንድ ትንሽ ድንች ሲጨመርበት ስታርቹ ሱጎውን ያያይዘዋል። ፓስታው የተቀቀለበት ውሃም ስታርች ስላለው ዘይቱና ወተቱ እንዳይለያዩ ያደርጋል። ስለዚህ ያ ውሃ ሁሉ አይደፋም።

ሌላው ምሥጢር አይባችን ነው። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ ፕሮቲን ግን አለው። እንደ ፈረንጅ አይብ በእሳት አይቀልጥም። ስለሆነም ከወተትና ከትኩሱ አትክልት ጋር አብሮ መፈጨት አለበት፤ አለበለዚያ ሱጎው ውስጥ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ5 ሰው)

- ፓስታ ወይም መኮሮኒ፦ 400 ግራም
- አበባ ጎመን፦ አንድ መካከለኛ (ቅጠሉ ተነሥቶ 600 ግራም ያህል)
- ካሮት፦ 1 መካከለኛ
- ድንች፦ 1 ትንሽ
- ቀይ ሽንኩርት፦ 1
- ነጭ ሽንኩርት፦ 3 ወይም 4 ፍንካች
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት፦ አንድ ብርጭቆ ተኩል (300 ሚሊ ሊትር)
- አይብ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ
- የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት፦ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው፦ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ
- ቁንዶ በርበሬ፣ በሶብላ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ

አሠራር

በአዲስ አበባ በመግሪብና በዒሻእ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ይህ እራት ደግሞ አትክልቱ ታጥቦ ከተቆረጠ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ስለሚበቃው በዚያ መካከል ይደርሳል።

1. በትልቅ ድስት 3 ሊትር ያህል ውሃ አፍልተው ጨውን ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ሌላ ጨው አይገባም።

2. አበባ ጎመኑን፣ ካሮቱንና የተላጠውን ድንች በትናንሹ ቆርጠው ውሃው ውስጥ ይጨምሩ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሹካ ያለ ችግር እስኪወጋቸው ድረስ ይብሰሉ። በዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ጠንከር ያለ አበባ ጎመን ሲፈጭ አሸዋ አሸዋ ይላል።

3. አትክልቱ እስኪበስል ቀይ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው በዘይቱ በመለስተኛ እሳት ያብስሉ። ሳይጠቁር ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምረው ለአንድ ደቂቃ ያቁላሉና ያውርዱ። ሽንኩርቱ ከጠቆረ ሱጎው ይመራል፣ ነጭነቱም ይጠፋል።

4. አትክልቱን በጭልፋ ያውጡ። ውሃውን ሳይደፉ ፓስታውን እዚያው ውስጥ ይቀቅሉ። ጋዝም ይቆጠባል፣ ከአትክልቱ ወደ ውሃው ከወጣው ንጥረ ነገርም ጥቂቱ ይመለሳል።

5. አትክልቱን ለጥቂት ደቂቃ በረድ አድርገው ከሽንኩርቱ፣ ከወተቱና ከአይቡ ጋር በጁስ መፍጫ ይፍጩ። ሙሉ በሙሉ እስኪልም ድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጭ። ትኩስ ነገር ሲፈጭ እንፋሎቱ ክዳኑን ሊያስፈነጥር ስለሚችል መፍጫውን ከግማሽ በላይ አይሙሉ፤ ክዳኑንም በጨርቅ ይያዙት።

6. ፓስታው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ይውጣ። ከማጥለልዎ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስቀሩ።

7. ሱጎውን ወደ ድስቱ መልሰው በመለስተኛ እሳት ያሙቁ፤ ፓስታውን ይጨምሩና እያማሰሉ ካስቀሩት ውሃ ጥቂት በጥቂት ያክሉበት። ሱጎው ፓስታውን ሲሸፍነውና ከማማሰያው ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ በቃው።

8. ከእሳት ካወረዱ በኋላ ሎሚውን፣ ቁንዶ በርበሬውንና የተከተፈውን በሶብላ ይጨምሩ። ሎሚ በሚፈላ ወተት ላይ ከገባ ወተቱ ይቋጥራል።

መብራት ከጠፋ ወይም መፍጫ ከሌለ አትክልቱን አምስት ደቂቃ ጨምረው ያብስሉና ትኩሱን በወንፊት ላይ በማንኪያ እየተጫኑ ያሳልፉት። ትንሽ ቢያደክምም ያው ይሆናል።

አበባ ጎመን ካልተገኘ

ዱባ በየገበያው አለ፤ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። 600 ግራም ዱባ በአበባ ጎመኑ ምትክ ሲገባ ሱጎው ቢጫ ይሆናል፣ ጣፈጥ ይላል፣ ለሕፃናትም የበለጠ ይስማማል። ካሮቱንና ድንቹን ግን ይተዉት፤ ዱባው ብቻውን ይወፍራል። ዱባና ካሮት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው። ይህ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ቅባት ሲኖር ስለሆነ ሁለቱን ማንኪያ ዘይት «ለጤና» ብለው ፈጽሞ አያስቀሩ። ዝኩኒም ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚበዛው ወተቱን በግማሽ ይቀንሱ።

ወተት የማይስማማው ሰው ካለ ወተቱንና አይቡን ትተው በፓስታው ውሃና በሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰሊጥ ይተኩ።

ሲገዙ ልብ ይበሉ

- የሚረጋ ዘይት፦ ፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። ለዚህ ምግብ ፈሳሽ ዘይት ይምረጡ።
- የሾርባ ኩብ፦ ጨው በብዛት አለበት። አንዳንዱ ከእንስሳት የተወሰደ ነገር ስላለበት ሐላልነቱንም ማሸጊያው ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ካለ ኩቡ ባይኖር አይናፍቅም።
- የፈረንጅ አይብ፦ አንዳንዱ ወተቱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ነገር ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ማሸጊያውን ያንብብ። የቤታችን አይብ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።
- ወይን ጠጅ፦ በውጭ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ነጭ ሱጎ ውስጥ ወይን ጠጅ ሲገባ ይታያል። የሚፈለግበት ጎምዘዝ እንዲል ነው፤ ይህን ሎሚው ይሠራልናል።
- ጥሬ ወተት፦ ሳይፈላ አይጠቀሙ። የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ጨምሮ በሽታዎች በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ።

ለታመሙ ቤተሰቦቻችን

የደም ግፊት ላለበት ሰው ዋናው ነገር ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ የጨመርነው አንድ ማንኪያ በውሃው ውስጥ ለአምስት ሰው የሚከፋፈል ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይደፋል። ሎሚና ቁንዶ በርበሬ የጨውን ማነስ ይሸፍናሉ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሱጎው ቀለለ ብሎ ፓስታውን እንዳያበዛ። ፓስታ ያው የስታርች ምግብ ነው። ፓስታው ጠንከር ብሎ ሲወጣ ከላሸው ይልቅ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስኳሩም ቀስ ብሎ ይወጣል። የሚሻለው በመጀመሪያ ሰላጣ መብላት፣ ከዚያም ከፓስታው መጠነኛ ጭልፋ መውሰድ ነው። ከጎኑ ጥቂት የተቀቀለ ምስር ወይም ሽንብራ ቢኖር ይበልጥ ያጠግባል። መድኃኒትን ግን በምግብ ለውጥ ምክንያት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀነስ ወይም ማቆም አይገባም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ፖታስየም እንዲቀንሱ የተነገራቸውም ድንችና ዱባ ያለበትን ሱጎ ከመብላታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የተረፈው ሱጎ ፓስታ ሳይቀላቀልበት በማቀዝቀዣ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲበላ እስኪፍለቀለቅ መሞቅ አለበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወተት ያለበት ምግብ ስለሆነ ለዚያው ምሽት የሚበቃውን ብቻ ይሥሩ።

በመጨረሻ አንድ ምክር ለእናቶችና ለአባቶች። ለልጆቹ «ዛሬ አበባ ጎመን ነው የምትበሉት» ብላችሁ ቀድማችሁ አታስፈራሩ። ለታማሚውም «ይህ የአንተ ምግብ ነው» አትበሉ። ትሪውን አቅርቡና በቢስሚላህ አብራችሁ ጀምሩ። የአባት እጅ ከልጆቹ እጅ ጋር በአንድ ትሪ ላይ ሲገናኝ፣ ሁለተኛው ድስት ለምን እንደወረደ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

አላህ ለታመሙት ዓፊያውን ይስጥልን፤ ማእዳችንንም የበረካ ያድርግልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።